የፋሲካ ምሳ በድሬ ሙቀት፦ አምና ወጡን ያበላሸው ምንድን ነው?

ጥያቄው፦ «ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የምኖረው። ለፋሲካ 18 ሰው ለምሳ ልጠራ አስቤያለሁ፤ አምስቱ ልጆች ናቸው። አምና ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ዶሮ በአንድ ትልቅ ድስት ሠርቼ 11 ሰዓት ላይ አወጣሁ። ትኩስ ነገር ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ይበላሻል ስለተባልኩ ከድኜ ምድጃው ላይ አሳደርኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤተሰቡ ጾም ፈታበት፣ ምንም አልሆንንም። እሑድ አሙቄ 7 ሰዓት ላይ ለእንግዶች አቀረብኩ። ከላይ ትንሽ አረፋ ነበረው፤ ሽታው ግን ደህና ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ አራት ሰው ሆዱን ቆረጠው፣ ተቅማጥም ያዘው። አንዱ ያልጾመ የ8 ዓመት ልጅ ነው። አማቴ ቅቤው ነው ይላሉ፣ ባለቤቴ ጾም የከረመ ሆድ ነው ይላል። የግቢያችን ጎረቤቶች ሙስሊሞች ናቸው፤ እነሱም አብረውን እንዲቀመጡ እፈልጋለሁ። ማድ ቤት ውስጥ ሳልቀር፣ ሰውም ሳላሳምም እንዴት ላድርገው?»

ምላሽ፦

ቅቤውንም ጾሙንም ከጥፋተኝነት አውጪያቸው። በደንብ የተነጠረ ቅቤ ውስጥ ውሃ የለም ማለት ይቻላል፤ ውሃ በሌለበት ደግሞ ጀርም አይራባም። ቅቤ ሲያረጅ ጣዕሙና ሽታው ይበላሻል እንጂ አራት ሰው በአንድ ሰዓት አያስተኛም። ጾሙን በተመለከተ፣ 55 ቀን ቅባት ያልነካ ሆድ ድንገት ቅቤና ሥጋ ሲገባበት ይነፋል፣ ያቅለሸልሻል፣ አንዳንዱንም ያስቀምጣል። ይህ ግን ከተበላ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የሚመጣ ነው፤ ያልጾመውን ልጅም አይነካም። ለዚያውም ቢሆን ቤተሰቡ በሌሊቱ ማዕድ ላይ ይታመም ነበር።

ሰዓቱን ቁጠሪው። ምሳው 7 ሰዓት፣ ሕመሙ ከምሽቱ 4፤ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። ቁርጠትና ተቅማጥ ብቻ፣ ትውከት የለም። በርቀት ማንንም መመርመር አይቻልም፤ ነገር ግን ይህ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚታወቅበት መልክ ነው። ይህ ባክቴሪያ ሥጋና ዶሮ ላይ ይገኛል። ወጡ ሲንተከተክ ባክቴሪያው ራሱ ይሞታል፤ ዘሩ ግን በቆዳ ተሸፍኖ ፍላቱን ያልፋል። ድስቱ ወርዶ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝና ከ50 ዲግሪ በታች ሲደርስ ዘሩ ይነቃል። 45 ዲግሪ አካባቢ በአሥር ደቂቃ ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። አየርም አይወድም፦ ወጡ ሲፈላ አየሩ ወጥቷል፣ ከላይ የተንሳፈፈው ቅቤም ዘግቶታል፣ አንቺ ደግሞ ክዳኑን ደፋሽበት። አሥር ሊትር የሚይዝ ድስት ሙሉ ወፍራም ወጥ መሐሉ ለብ ለማለት ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅበታል። አረፋው ጋዝ ነው። ምንም ሽታ ባይኖረው፣ ያደረ ወጥ ሳይነካ አረፋ ካበጀ መደፋት አለበት፤ በሽታ የሚያመጣው ጀርም እና ሽታ የሚያመጣው ጀርም ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉምና አፍንጫ አይታመንም።

ሌሊት የበላችሁት ለምን ዳናችሁ ለሚለው፣ ያኔ ድስቱ ከወረደ አሥር ሰዓት ሆኖት ነበር፤ ምሳ ላይ ሃያ። ጀርሙ ገና አልበዛም ማለት እንጂ ደህና ነበር ማለት አይደለም። «አሙቄዋለሁ» የሚለውም በሁለት ምክንያት አያድንም። አንደኛ፣ ወፍራም ወጥ ታቹ እየፈላ ላዩ ለብ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ካልተማሰለና መላው ድስት ካልተንተከተከ ሞቀ እንጂ አልፈላም። ሁለተኛ፣ ከሰው እጅ የሚመጣው ስታፊሎኮከስ የሚተወው መርዝ ቢፈላም አይጠፋም። ስለዚህ ያደረ ድስትን ማፍላት የጠፋውን ደህንነት አይመልስም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። ድስት ከድኖ የማሳደር ልማድ የደጋ ልማድ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በሚያዝያ ሌሊት ማድ ቤቷ ራሱ ይቀዘቅዛል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፋሲካ ደግሞ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 አልፎ አይውልም፤ ማለትም ሁልጊዜ ሙቀቱ በሚጠናበት ወቅት ነው። ቀን ምድጃ ሲነድበት የዋለ የድሬ ማድ ቤት ሌሊትም ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ሐረር ላይ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ትንሽ ይሻላል፤ ትልቁ ድስት ግን እዚያም በጊዜ አይቀዘቅዝም።

አሁን ወደ ፍሪጁ። ትኩስ ምግብ ፍሪጅ ስለገባ አይበላሽም። የተነገረሽ ነገር ግማሽ እውነት አለው፦ ትኩስ ድስት እንዳለ ስታስገቢ ጎኑ ያሉትን ወተትና አይብ ያሞቃል፣ ፍሪጁም ይለፋል፣ የድስቱ መሐል ግን ፍሪጅ ውስጥም ሆኖ ለሰዓታት ትኩስ ነው። ችግሩ ትኩስነቱ ሳይሆን ጥልቀቱ ነው። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ወደ 21 ዲግሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ በሌላ አራት ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። ቴርሞሜትር ባይኖርሽም ዘዴው ቀላል ነው። ወጡን ወይም ቁሌቱን ወደ ሰፋፊ ትሪዎች ገልብጪው፤ ከሦስት ጣት አይጥለቅ። ትሪውን በረዶ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጪና በንጹሕ ማንኪያ አማስዪው። ከሮቶ የሚወርደው የድሬ ውሃ ከሰዓት ላይ ራሱ ለብ ያለ ስለሆነ ውሃ ብቻውን አይበቃም፤ በሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልተሽ ከማክሰኞ ጀምሮ አራት አምስት ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርጊ፣ ሳፋው ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ላይ እንፋሎቱ ይጠፋል፤ ያኔ ፍሪጅ ውስጥ ሳትከድኚ አስገቢው፣ ሲበርድ ክደኚው።

ግን ቀዝቃዛ ወጥ ከማሳደር የሚሻል መንገድ አለ፣ ምክሬም እሱ ነው፦ ቁሌቱን ከዶሮው ለዪው። የዶሮ ወጥ ጊዜ የሚበላው ዶሮው ሳይሆን ሽንኩርቱ ነው። ቁሌቱን ሐሙስ በዘይት ብቻ ሥሪው፣ ለሁለት ክፈይው፣ አቀዝቅዢው። ዶሮውና ቅቤው የሚገቡት ሊበላ ሲቃረብ ነው፦ ለሌሊቱ አንድ ትንሽ ድስት፣ ለምሳው ሌላ። ሁለት ጥቅም አለው። ሥጋ የገባበት ድስት አያድርም፤ ቁሌቱ ደግሞ የጾም ስለሆነ ሐሙስ ማታ ጉልባኑ ከተበላ በኋላ ልትቀምሺው ትችያለሽ። ቅዳሜ የሚሠራ ዶሮ ወጥ ጨው የሚበዛበት ወይም የሚያንሰው ሠሪዋ ጾመኛ ሆና ሳትቀምስ በግምት ስለምትጨምር ነው።

መጠኑን ለሦስት ዶሮ ልንገርሽ፤ አንዱ ለሌሊቱ፣ ሁለቱ ለምሳው። አምስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቅቀሽ ክተፊ። 12 ሊትር ድስት ያስፈልገዋል፤ ከሌለሽ ሁለት ጊዜ ጨምሪው፣ መጀመሪያ የገባው ሲሟሽሽ ቀሪውን። ያለ ዘይት፣ መካከለኛ እሳት ላይ፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ እስኪመጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሽንኩርቱ ውሃውን ሳይጨርስ በርበሬ ከገባ ወጡ ከቀረበ በኋላ ጠርዙ ላይ ውሃ ይተፋል፣ ጣዕሙም ጥሬ ሽንኩርት ይላል። ሲመጥ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ከዚያ እስኪጠቁር ሳይሆን ቡናማ እስኪል ማቁላላት። በርበሬ 450 ግራም፤ የልጆቹን አፍ ካሰብሽ 350 ይበቃል። በርበሬው ከገባ በኋላ ለ40 ደቂቃ ያህል ሙቅ ውሃ በጭልፋ ጠብ እያደረጉ ማሸት ነው። በርበሬ ካረረ የሚያድነው ነገር የለም፣ ቅቤም ስኳርም አይመልሰው፤ ስለዚህ እሳቱን ቀንሺ እንጂ አትቸኩዪ። 200 ግራም የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል መጨረሻ ላይ። ጨው አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ፣ በማንኪያው ልክ ተስተካክሎ፤ በርበሬው ውስጥ አስቀድሞ ጨው አለና ቀሪውን ዶሮው ከበሰለ በኋላ ትጨምሪያለሽ።

ይህን ቁሌት በትሪው ዘዴ አብርጂውና አንድ ሦስተኛውን በአንድ ዕቃ፣ ሁለት ሦስተኛውን በሁለት ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢ። ዓርብ ስቅለት ነው፤ ስግደት ላይ የምትውይበት ቀን እንጂ የማድ ቤት ቀን አይደለም፤ ሁሉም ነገር ሐሙስ ካለቀ ዓርብን ነፃ ትሆኛለሽ። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃዎቹን ከፍሪዘር ወደ ፍሪጁ አውርጂ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አታቅልጪ።

ዶሮውን ገበያ ላይ ስትገዢ አንድ ነገር ወስኚ፦ ወይ ሁሉም የሐበሻ ወይ ሁሉም የፈረንጅ ይሁን። የሐበሻ ዶሮ ቁሌት ውስጥ ከገባ በኋላ ከአንድ ሰዓት ሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፤ የፈረንጁ በ40 ደቂቃ ይበስላል። አንድ ድስት ውስጥ ከደባለቅሻቸው አንዱ ሲፈራርስ ሌላው ጎማ ነው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ይታረዱ፤ ጠዋት አርዶ ቀኑን ማዋል በድሬ ፀሐይ አይሆንም። 12 ብልት ካወጣሽ በኋላ በሎሚና በጨው ማጠቡ ደሙንና ጠረኑን ያወጣል፤ ጀርም ግን አይገድልም። እንዲያውም በቧንቧ ሥር ሲታጠብ የሚፈናጠቀው ውሃ ሳልሞኔላን ወደ ሰላጣውና ወደ ሰሃኑ ያደርሳል። ስለዚህ ጎድጓዳ ሳፋ ውስጥ፣ ሰላጣ ከሚከተፍበት ቦታ ራቅ ብለሽ እጠቢው፤ ቢላውን፣ መክተፊያውንና እጅሽን በሳሙና። የታጠበው ዶሮ በጨውና በሎሚ ውሃ ተዘፍዝፎ ፍሪጅ ውስጥ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይደር፤ ውሃው ሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ።

የሌሊቱን ትንሽ ድስት ሁሉም ለጸሎት ከመሄዱ በፊት መሥራት ካለብሽ ሥሪው፤ አንድ ዶሮ በሁለት ትሪ ቶሎ ይበርዳል። ስትመለሱ ለአሥር ደቂቃ እየተማሰለ ይንተክተክ። ቤት የሚቀር ሰው ካለ ግን የበለጠ ቀላል ነው፦ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ይጣዳል፣ በወጣበት ትኩስነት ይበላል። ጾሙ ሲፈታ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ተልባ ወይም አጃ ቢቀድም ለሆድ ይቀላል። የሐሞት ጠጠር፣ ስኳር ወይም ደም ብዛት ያለባቸው ዘመዶች ካሉ ለነሱ ስትቀጂ ወጡ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅቤ ገፍፈሽ አንሺው።

ለምሳው ደግሞ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቁሌቱን ጣጂ። ሲፈላ 350 ግራም ቅቤ፣ ከዚያ ዶሮዎቹ። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይበስላል፤ ኮረሪማና መከለሻ፣ የቀረውን ጨው፣ የተቀቀሉና የተላጡ 20 እንቁላሎች። እንቁላሎቹን ቅዳሜ ቀቅለሽ ከነቅርፊታቸው ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪ፤ የተላጠ እንቁላል ውጭ አይደር። ምሳውን 7 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት አድርጊው። ሌሊት 9 ሰዓት የበላ ሰው 6 ሰዓት ላይ ይርበዋል፣ አንቺም የቀኑ ሙቀት ጫፍ ሳይደርስ ታቀርቢያለሽ። ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ድስቱ ለስላሳ ከሰል ላይ በትንሹ እየተንተከተከ ይቆይ፤ መንተክተኩ እስካልተቋረጠ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ ነው፣ ጀርም አይነቃም።

ከዶሮው ሌላ ምን ይቅረብ ለሚለው አጭር መልስ አለኝ፦ አንድ ሥጋ፣ አንድ ጎመን፣ አይብ፣ በቃ። ከእንግዶቿ ጋር መቀመጥ የፈለገች ሴት ስድስት ዓይነት አትሠራም። ለ18 ሰው አራት ኪሎ የበግ ሥጋ ከነአጥንቱ ለጥብስ በቂ ነው። ሙሉ በግ ካልታረደ በዓል አይመስለኝም ካልሽ ጥቁር ራሱ የሶማሌ በግ ለድሬ ጥሩ ነው፣ ላቱ ውስጥ የራሱ ጮማ ስላለው ጥብሱ ቅቤ አይፈልግም። ነገር ግን አስቢበት፦ 28 ኪሎ የሚመዝን በግ 12 ኪሎ ገደማ ሥጋ ያወጣል፤ መጠጥና አይብ የሞላው የቤት ፍሪጅ ይህን አይችልም። በግ የሚታረድ ከሆነ እሑድ ማለዳ ይታረድና ግማሹ በዚያው ሰዓት ለዘመድ ይከፋፈል። ጥብሱም ቶሎ ነው መሠራት ያለበት፤ ከታረደ ሁለት ሦስት ሰዓት የሆነው ሥጋ ደርቆ ለማኘክ ያስቸግራል፣ ከዚያ እንዲለሰልስ ማሳደር ደግሞ ያለ ቅዝቃዜ አይቻልም። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ለዚህ ምሳ አታቅርቢ። ኮሶ አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን ጥሬ ሥጋ በ33 ዲግሪ ጥላ ሥር ለእንግዳ እየተጠበቀ መቀመጥ አለመቻሉ ነው። አይቡን ቅዳሜ ማታ ግዢ፣ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን።

እንጀራ ለ13 አዋቂ ሁለት ሁለት፣ ለልጆቹ አንድ አንድ፤ ከትርፍ ጋር 36 ያዢ። ሊጡ ድሬ ላይ በሁለት ቀን ይደርሳል፤ ደጋ እንደለመድሽው ሦስት ቀን ካቆየሽው ኮምጥጦ ታገኚዋለሽ። ትኩስ እንጀራ በላስቲክ አትጠቅልዪ፤ ያልበዋል፣ በማግስቱ ይሻግታል። ድፎ ዳቦ የምትጋግሪ ከሆነ እርሾውን ከወትሮው በግማሽ ቀንሺ፤ በዚህ ሙቀት ሊጡ በአንድ ሰዓት ገደማ ኩፍ ይላል፣ ካለፈው መሐሉ ይሰምጣል።

ጎረቤቶችሽን በተመለከተ ድሬ ላይ ማንም የሚያውቀውን መድገም ይሆንብኛል፤ ቢሆንም ዝርዝሩ ላይ ሰው ይሳሳታል። በየራስ እምነት የታረደ ካልሆነ ሥጋው አይበላም፣ ይህ በሁለቱም በኩል ነው። ስለዚህ አንድ ዶሮ ወይም የሥጋውን ገንዘብ ቀድመሽ ለጎረቤትሽ ስጪ፤ በራሳቸው እጅ ይታረድ፣ በራሳቸው ድስት ይሠራ፣ በሰዓቱ ይዘው ይምጡ። ሌላ ድስት ተውሶ «እኔ ለብቻ እሠራላችኋለሁ» ማለት ጥሩ ልብ ቢሆንም ጭንቅ ያመጣል፦ የትኛው ጭልፋ የት እንደገባ ማድ ቤት ውስጥ ማን ይቆጥራል? ለነሱ ሽሮ ብቻ ማቅረብም አይሆንም፤ በበዓል ቀን እንግዳን ማሳነስ ነው። የሚቀርብላቸው ነገር በተለየ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ሳይሆን በዚያው ማዕድ፣ በራሱ ሰሃንና ማንኪያ ይሁን። የተቀቀለ እንቁላል ልትሰጪ ከሆነ ከዶሮ ወጡ ውስጥ የወጣ አይሁን። ጎመኑን በዘይት ከሠራሽው፣ በምስር ሳምቡሳና በሰላጣ ከጨመርሽበት ሁሉም ይበላዋል። ጣፋጩን ሙሸበክ አድርጊው፤ ከገበያ የሚመጣ ነው፣ ማንንም አይለይም፣ አንቺንም አያደክም። ጠላና ጠጅ የሚቀዳበት ብርጭቆ ለየት ይበል፤ ሶፊ ማልት፣ ለስላሳና ውሃ በሌላ።

መጠጡ ላይ ብዙ ሰው የሚያባክነው የፍሪጅ ቦታ ነው። ለ18 ሰው አንድ ሳጥን ቢራ፣ አንድ ሳጥን ለስላሳና ማልት፣ 18 ሊትር ውሃ በቂ ነው። ይህን ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ ካስገባሽ ምግቡ ቦታ ያጣል፤ መጠጥ ቢሞቅ ያናድዳል፣ ምግብ ቢሞቅ ግን ያሳምማል። መጠጡን ወደ ሳፋ አውጪው። ለአንድ ሳጥን 8 ኪሎ ገደማ በረዶ ያስፈልጋል። በረዶውን ደረቁን አትደርድሪ፤ ጠርሙሶቹ እስከ አንገታቸው እስኪጠልቁ ውሃ ጨምሪበት፣ በረዶ ያለበት ውሃ ጠርሙሱን ከሁሉም ጎን ስለሚነካ በግማሽ ሰዓት ያቀዘቅዛል። አንድ ሁለት እፍኝ ጨው ያፋጥነዋል። የተገዛ በረዶ ለማቀዝቀዣ ብቻ ነው፤ ከምን ውሃ እንደተሠራ ስለማይታወቅ ብርጭቆ ውስጥ አይግባ።

የግቢ ዛፍ ጥላ ካለሽ ሰዎቹን እዚያ አስቀምጪ፣ ምድጃውን ደግሞ ነፋሱ ከሰዎቹ ወደ እሳቱ በሚሄድበት በኩል። ቬንቲሌተሩ ወደ ከሰሉ አይዙር፤ አመዱ ማዕዱ ላይ ነው የሚያርፈው። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አትክፈቺ፤ ተዘግቶ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ሁለት ቀን። ለዚህም ሲባል የምሳው ድስት በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ብቻ እንዳይመካ ከሰል ወይም ቡታጋዝ አዘጋጂ። ከሰል ግን በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ኤሲ ተከፍቶም ሆነ ለቡና ስነ ሥርዓት፣ ፈጽሞ አይገባም። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል፤ ራስ ምታትና ድካም የያዘው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ።

ስታቀርቢ ወጡን በትናንሽ ጎድጓዳ ሰሃን አውጪ፣ ሲያልቅ ከሚንተከተከው ድስት ሙዪ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲበልጥ ማዕድ ላይ የተቀመጠ ሥጋ፣ እንቁላልና አይብ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም፤ በቀዝቃዛ ቀን ሁለት ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ ለበርጫ የሚነሱት ሲመለሱ የሚፈልጉት ሻይና ውሃ ነው፣ ማዕዱን ለነሱ ብለሽ ዘርግተሽ አታቆዪ። ለዘመድ የሚቋጠረው ከሰዎች ፊት ካለው ሳይሆን ከድስቱ ይሁን፤ ተቀባዩም በአንድ ሰዓት ውስጥ ቤት ደርሶ ፍሪጅ ውስጥ ያስገባው ወይም ያፍላው። ድስቱ ላይ የተረፈውን በትሪ አብርደሽ እስከ ረቡዕ ትበዪዋለሽ፤ በየጊዜው የሚበላውን ያህል ብቻ እያወጣሽ አፍዪ፣ ሙሉውን ደጋግመሽ አታሙቂ።

ዘንድሮም ሰው ካመመው ቀዳሚው ነገር ፈሳሽ ነው፤ አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ በትንሽ በትንሹ። ትኩሳት፣ ደም ያለበት ተቅማጥ፣ ውሃ እንኳ የማያስቀር ትውከት ካለ፣ ወይም የታመመው ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ከሆነ ቤት አትጠብቂ፣ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን ራስሽ ገዝተሽ ለልጅ አትስጪ።

ሐሙስ ቁሌቱን የመሥራት ጊዜ ካጣሽ ወይም ፍሪዘር ከሌለሽ ሌላ አማራጭ አለሽ፦ እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሽንኩርቱን ጥደሽ በ7 ሰዓት ማቅረብ። ያደክማል፣ ሁለት ረዳትም ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ደግሞ ጾሙን በእንቁላልና በአይብ ትፈታላችሁ። እሱም ካልተመቸ የእንግዳውን ቁጥር ቀንሺ ወይም ምሳውን ወደ ሰኞ ውሰጂው። ሥጋ የገባበት ድስት ምድጃ ላይ ተከድኖ የሚያድርበት አማራጭ ግን የለም።